ግድግዳው ነው እንጂ እኔ አይደለሁም

አስቀድሜ ይኼ ይታወቅልኝ፤ ጓድ ይርዳው በቀበሌው አዳራሽ ንግግሩን ሲለማመድ ከኋላ ቆማ ያላገጠችበት ልጅ እኔ አይደለሁም። የአሥር ዓመት ልጅ ነበርሁ። ዋሾና ባለጌ ተብዬ፣ ስሜ በሰው ፊት ተጠርቶ፣ ከአዳራሹ ወጣሁ። ባልሠራሁት ነው።

አሁን ምን አስነሣሽ ለሚለኝ፣ ባለፈው ጥር ከባሕር ዳር ወጣ ብላ ባለችው ሰባታሚት ሠርግ ተጠርቼ ነበር። ዳስ ውስጥ ተቀምጬ ስበላ፣ አንድ የድሮ የሰፈራችን ሰው፣ ፀጉሩ እንደ እኔ የሸበተ፣ ለወጣቶቹ በጣቱ እያሳየኝ፣ "ይችን እናት ዝም ብላችሁ አትዩአት። በደርግ ጊዜ ሰው ሁሉ ሲንቀጠቀጥ እሷ ሊቀመንበሩን እየደገመች ታላግጥበት ነበር" አለ። ወጣቶቹ ሳቁ። አንዷ እንዲያውም አጨበጨበችልኝ። እኔ ግን ያልሠራሁት ጀግንነት አይዋጥልኝም። ስድቡ የእኔ ካልነበረ ሙገሳውም የእኔ አይደለም።

ወደ ቤቴ ስመለስ በአዳራሹ በኩል አለፍሁ። ቆርቆሮውን ሊቀይሩ ወንበሩን ሁሉ አውጥተው በሩን ከፍተውት ነበር። ገባሁ። ሰው አለመኖሩን አየሁና መድረኩ ላይ ወጥቼ አንድ ጊዜ አጨበጨብሁ። ያ ግድግዳ አሁንም አለ፤ መለሰልኝ። በማግሥቱ ከልጅ ልጄ ደብተር ተቀብዬ ይኼን መጻፍ ጀመርሁ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ነው፤ እውነት ለመጻፍ ይበቃል።

ጓድ ይርዳውን ያኔ "እርስዎ" እንለው ነበር። አሁን እሱ ያኔ ከነበረበት ዕድሜ እኔ በእጥፍ ስለምበልጥ "አለ" እያልሁ ብጽፍ ማንም አይቆጣኝ።

አዳራሹ በዚያ ክረምት አዲስ ነበር። ድንጋይና አሸዋውን ያመላለሱት የሰፈሩ ሰዎች ናቸው፤ እናቴም ውኃ በእንስራ አመላልሳለች። ወለሉ ሲሚንቶ፣ ግድግዳው ሲሚንቶ፣ ጣራው ቆርቆሮ፤ ኮርኒስ የለው፣ መጋረጃ የለው። እኔ እስከዚያ ድረስ ከልቤ የማውቀው ሁለት ቤት ብቻ ነበር፤ የእኛን የጭቃ ቤትና አያቴ የሚያገለግሉበትን የሐይቁን ዳር ቤተ ክርስቲያን። የእኛ ቤት ክዳኑ ሣር ነውና ዝናብ መዝነቡን የምናውቀው በሩን ከፍተን ነው። ሰው ሲናገር ድምፁ ጭቃው ውስጥ ይገባና እዚያው ይተኛል።

አዳራሹ ግን ምንም ነገር አያስተኛም። ጫማ ያደረገ አንድ ሰው ሲገባ አሥር ሰው የገባ ይመስላል። ወንበር ሲጎተት ጥርስ ያፋጫል። ዝናብ ሲመጣማ ሰማይ ያለውን ሽምብራ ሁሉ ቆርቆሮው ላይ ደፋው ማለት ነው። ጓድ ይርዳው እየተናገረ ዝናብ ከደረሰበት አፉ ይንቀሳቀሳል፣ እጁ ይወነጨፋል፣ የአንገቱ ሥር ይገተራል፤ ቃል ግን የለም። እኔ ቃሉን መልሶ የሚውጠው ይመስለኝ ነበር። ስብሰባው ሲያልቅ፣ ዛሬ ስንት ቃል ይዞ ሄደ እያልሁ ሆዱን አየው ነበር።

ሴቶቹ ያንን ዝናብ እንደ እንግዳ ይጠብቁት ነበር። በዚያ ዘመን ሰው ከጎኑ ማን እንደተቀመጠ ሳያይ አፉን አይከፍትም። ቆርቆሮው ሲጮኽ ግን አፍና ጆሮ ካልተገናኙ በቀር ማንም ማንንም አይሰማም። ያኔ ከሳምንት ሳምንት የታፈነው ወሬ ሁሉ ይወጣል። እናቴና ጎረቤታችን እትየ ጥሩዬ ጭንቅላት ለጭንቅላት ገጥመው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ይስቃሉ። አንድ ቀን ዝናቡ ሳይታሰብ ቀጥ ሲል፣ እትየ ጥሩዬ ሳታስተውል "እሱማ ሚስቱን ይፈራል" የምትለው በአዳራሹ ሙሉ ተሰማ። ማንን እንደሆነ አልተናገረችም። ጓድ ይርዳው ግን ወረቀቱን ገለበጠና ሦስት ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገ።

ስለ አያቴ ደግሞ ልንገራችሁ። መሪጌታ አላምረው ይባሉ ነበር፤ እኔ አባባ ነው የምላቸው። ሥራዬ መቋሚያቸውን ይዤ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር መከተል ነበር። ክብ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ግድግዳው ጭቃና ጭድ፣ በሮቹ ከወፍራም እንጨት። አባባ ቅኔ ማኅሌቱ ውስጥ ገብተው ዜማ ከመጀመራቸው በፊት አንድ ጊዜ "እህ" ብለው ያስላሉ፤ ከዚያ ዝም ብለው ያዳምጣሉ። ጉንፋን የያዛቸው እየመሰለኝ አዝን ነበር። በኋላ ስጠይቃቸው፣ "ቤቱን እየጠየቅሁት ነው" አሉኝ።

"ምን ብለው?"

"ዛሬ እንዴት ውለሃ፣ ድምፄን ምን ያህል ትወስድብኛለህ ብዬ።"

"ይመልሳል?"

"ባዶ ሲሆን ይመልሳል። በበዓል ቀን ሕዝቡ ነጠላና ጋቢውን ለብሶ ሲሞላው አይመልስም፤ ያኔ ከፍ አድርጌ እጀምራለሁ። ሸማ ድምፅ ይጠጣል።"

እኔ ይኼን እንዳለ ወሰድሁት። ሸማ ከጠጣማ ውስጡ አለ ማለት ነው። ከቅዳሴ ሲመለሱ ጋቢያቸውን ተሸክሜ ጆሮዬን እለጥፍበት ነበር፤ የትናንቱ ማኅሌት ይሰማ እንደሆነ ብዬ። አንዳንዴ የሰማሁም ይመስለኝ ነበር። አንድ ቅዳሜ እናቴ ጋቢውን ሐይቁ ዳር ወስዳ ስታጥብ ደርሼ፣ ማኅሌቱን ሁሉ ውኃ ላይ ደፋሽው ብዬ አለቀስሁ። እናቴ ምን እንደነካኝ አልገባትም። "ዓሣዎቹ ይማሩት" ብላ ሳቀች። ከዚያ ቀን በኋላ ለምሳ የመጣልኝን ዓሣ፣ ዜማ የሚያውቅ እንዳይሆን እየፈራሁ ነበር የምበላው።

ወደ በደሌ ልመለስ።

ያ ክረምት መሠረተ ትምህርት የተያዘበት ነበር። እናቴና ሰባት ጎረቤቶቿ በአዳራሹ ፊደል ቆጥረው ጨርሰዋል፤ መስከረም ሲጠባ የምስክር ወረቀት ሊሰጣቸው ነው። በዚያ ቀን የእናቶቹን የምስጋና ጽሑፍ መድረክ ላይ ወጥታ የምታነብ አንዲት ልጅ ተፈለገች። እኔ ከአባባ እግር ሥር ተቀምጬ ንባብ ስለተማርሁ ሳልደናቀፍ አነባለሁ፤ ተመረጥሁ። ያ ወረቀት ለእኔ ምን እንደነበር ልነግራችሁ አልችልም። በደጃችን ዛፍ ሥር አነበብሁት፣ ለዶሮዎች አነበብሁት፣ ሐይቁ ዳር ለቆሙት ጀልባዎች አነበብሁት።

አንድ የሥራ ቀን ከሰዓት በኋላ ለልምምድ ተጠራን። ፀሐይ ወጥታ ስለነበር ጋቢ የለበሰ የለም። ስምንቱ ሴቶች መሐል ላይ ተቀምጠዋል። እኔ ስሜ ሲጠራ ከመጨረሻው ግድግዳ ተነሥቼ ወደ መድረኩ እንድሄድ ስለታዘዝሁ፣ ወረቀቴን ይዤ ጀርባዬን ለግድግዳው ሰጥቼ ቆሜያለሁ። ከእኔ ኋላ ሰው የለም።

ጓድ ይርዳው መድረኩ ላይ ወጣና "የተከበራችሁ እናቶች" አለ፣ በትልቁ ድምፁ። ቆመ። አንገቱን ዘንበል አደረገ። "ዛሬ የድል ቀናችን ነው" አለ። እንደገና ቆመ። ከወረቀቱ ቀና ብሎ ቀጥታ ወደ እኔ አየ።

"ማን ነው?" አለ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ፊቱ ጠቆረና፣ "ማን ነው እያልሁ 'ነው' ትይኛለሽ?"

እኔ ምንም አልሰማሁም። ይኼን ልብ በሉልኝ፤ ግድግዳው ሥር የቆመ ሰው ምንም አይሰማም። የሚሰማው መድረኩ ላይ የቆመው ነው።

"አንጓች፣ አንቺ ነሽ የምትደግሚው?"

"እኔ አይደለሁም።"

"ታዲያ ለምን ትስቂያለሽ?"

እውነት ነው፣ ጥርሴ ተገልጦ ነበር። እኔ ስፈራ ጥርሴ ይገለጣል፤ እስካሁንም አልተወኝ፣ ለቅሶ ቤት ስንት ጊዜ አሳፍሮኛል። እናቴ ከወንበሯ ብድግ አለችና፣ "ጓድ፣ ልጄ ስትፈራ ነው እንዲያ የምትሆን፤ ከሕፃንነቷ ነው" አለች።

"ያልሠራች ልጅ ምን ያስፈራታል?" አላት።

በዚያ ዘመን ለዚህ ጥያቄ መልስ እያለው የሚመልስ ሰው አልነበረም።

ሴቶቹን ጠየቃቸው። አንዳንዶቹ "አንድ ነገር ሽው ያለ መስሎን ነበር" አሉ። እትየ ጥሩዬ ብቻ ለእናቴ በጆሮዋ፣ "እኔ የሰማሁት እሱን ብቻ ነው፤ እሱም በዝቶብኛል" አለቻት። ጓድ ይርዳው ወረቀቴን ተቀበለኝ። "ዋሾና ባለጌ ልጅ የእናቶችን ቃል አታነብም። አዳራሹ ደጃፍ እንዳትደርሺ" አለኝ። ወጣሁ።

እሑድ ስብሰባ ነበር። ቀኑ ብርድ ነውና ሰዉ ሁሉ ጋቢውን ተከናንቦ አዳራሹን ሞላው። እኔ ውጭ፣ መስኮቱ ሥር፣ ጭቃ ውስጥ ቆሜ አዳምጣለሁ። ጓድ ይርዳው ሁለት ሦስት ዐረፍተ ነገር ተናገረና ቆም ብሎ አዳመጠ። ከዚያ "አያችሁ?" አለ። "የመሪጌታ የልጅ ልጅ ዛሬ የለችም፤ የሚያላግጥም የለም።" ሰዉ ሁሉ ወደ እናቴ ዞረ። በደሉ በሰው ፊት የጸደቀው ያኔ ነው።

ገደል ማሚቶ የሚባል ነገር በስም እናውቅ ነበር። ግን ገደል ላይ ነው የሚኖር የሚባለው፣ ባሕር ዳር ደግሞ ሜዳ ናት። ማን ያስበው። እኔ አስቤ አስቤ የደረስሁበት ግድግዳው ውስጥ አንዲት ልጅ ትኖራለች ወደሚለው ነው። ሲሠሩት ሳያዩ ግንብ ውስጥ ያስቀሯት ልጅ። መጀመሪያ ተናደድሁባት፤ ቀጥሎ አዘንሁላት። ማክሰኞ ቀን የተቆላ ሽምብራ በእፍኜ ይዤ በአዳራሹ ጀርባ ዞርሁና ግድግዳው ሥር አስቀመጥሁላት። አፌን ሲሚንቶው ላይ ለጥፌ፣ "ሽምብራውን ብይ። ከዚያ ግን እኔ ነኝ በይ" አልኋት። ስመለስ ሽምብራው የለም። ዶሮ እንደሆነ አሁን ይገባኛል። ያኔ ግን፣ በልታ ዝም ያለች ከሐዲ ናት ብዬ ወደ አባባ ሮጥሁ።

አባባ ታሪኩን እስከ መጨረሻ ሰሙኝ። አልተቆጡም፣ አላዘኑም። የጠየቁኝ ሦስት ነገር ብቻ ነው።

"በመጀመሪያው ቀን ስንት ሰው ነበር?"

"ከእኔና ከጓድ ይርዳው ሌላ ስምንት።"

"እሑድስ?"

"ሙሉ።"

"ጋቢ ለብሰው?"

"አዎ።"

አባባ ሳቁ። ሲስቁ ጢማቸው ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። "ልጂቱ ግድግዳው ውስጥ የለችም" አሉኝ። "እሱ ራሱ ነው።" ከዚያ ጉዳዩ ያለቀ ይመስል መጽሐፋቸውን ገለጡ።

"ሄደው ይንገሩልኝ እንጂ" አልሁ።

"እኔ ወደ ቀበሌ አልሄድም።"

እውነታቸውን ነው፤ ያ አዳራሽ ከተሠራ ጀምሮ አንድ ቀን ረግጠውት አያውቁም፤ ማንም ደፍሮ አልጠራቸውም ነበር። እኔ ግን መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፍሁትና ደጃፉ ላይ ተቀመጥሁ።

"ፍርድ ካልሰጡኝ መቋሚያዎን አልይዝም።"

"አድማ መታሽ?"

"እውነቱን ያወቁት እርስዎ ብቻ ነዎት። አውቀው ዝም ካሉ ከዋሸው ሰው በምን ይለያሉ?"

ሁለት ቀን መቋሚያቸውን ራሳቸው ተሸክመው ሄዱ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በሚወስደው መንገድ ፈንታ በአዳራሹ በኩል ታጠፉ። እኔ ምንም ሳልናገር ተከተልሁና መቋሚያውን ከእጃቸው ተቀበልሁ።

ጓድ ይርዳው በሩ ላይ ቁልፍ ይዞ ቆሞ ነበር። ሲያያቸው ደነገጠ። በልጅነቱ ፊደል ያስቆጠሩት እሳቸው ናቸው፤ ጆሮውንም ሳይቆነጥጡት አልቀረም።

"መሪጌታ፣ ዛሬ እንዴት ወደ እኛ መጡ?"

"ቤትህን ልጠይቀው መጣሁ፣ ይርዳው። ክፈትልኝ።"

ጓድ የሚለውን ትተውታል። እሱም አላስታወሳቸውም። ከፈተ። አዳራሹ ባዶ ነው፤ ወንበሮቹ ዳር ይዘዋል። አባባ መድረኩ ላይ ወጡ። እኔን አጠገባቸው አቆሙኝና አፌን በእጄ እንድሸፍን አዘዙኝ። ከዚያ እንደ ለመዱት "እህ" ብለው አሳሉ።

ከወዲያኛው ጫፍ አንድ ሰው "እህ" አለ። ቀጭን ነው፣ የልጅ ድምፅ ይመስላል። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ያኔ ለጓድ ይርዳው አዘንሁለት። እኔም የዚያን ቀን መድረኩ ላይ ብሆን ኖሮ ያች ልጅ ናት ብዬ በተቆጣሁ ነበር።

እሱ ወደ ግድግዳው አየ፣ ወደ እኔ አየ። እጄ አፌ ላይ ነው። አባባ መቋሚያውን መድረኩ ላይ አንድ ጊዜ መቱ። ጠቅ። ጠቅ አለ ግድግዳው።

"ገደል ማሚቶ ገደል አይመርጥም" አሉት። "ባዶና ጠጣር ነገር ካገኘ ይበቃዋል። እሑድ ዕለት ድምፁን ያፈኑት እነዚያ ሁሉ ጋቢዎች ናቸው። ና፣ አንተም ጠይቀው።"

ጓድ ይርዳው ወጣ። በመጀመሪያ በቀስታ፣ እንዳይሰማው እንደሚፈራ ሰው፣ "ማን ነው?" አለ። ምንም። ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመ። "ነው" አለ ግድግዳው። አጨበጨበ። አፏጨ። ከዚያ ያ ሁላችን የምንፈራው ሰው፣ ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፍቶ፣ "ይርዳው" ብሎ የራሱን ስም ጠራ፤ "ዳው" ሲመልስለት እንደ ሕፃን ሳቀ። "የኔታ፣ ይኼን ነገር አንድ ጊዜ ብቻ" አለ፤ ደግሞ ጠራ። አባባ ቁጭ ብለው ጠበቁት።

ሲጠግብ ወረቀቴን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ። "በይ አንብቢ፣ ተመልሰሻል" አለኝ።

"አልቀበልም" አልሁ።

"ምን?"

"ዋሾ ያሉኝ በሰው ፊት ነው። አልዋሸችም የሚሉኝም በሰው ፊት ነው።"

"እሺ፣ በምርቃቱ ቀን ለሕዝቡ እናገራለሁ።"

"ሕዝቡ ጋቢ ለብሶ ይመጣል። ግድግዳው ዝም ካለ ማን ያምናል? መጀመሪያ ስምንቱ እናቶች ይምጡ፣ ባዶ ሳለ።"

ወደ አባባ ዞረ። እሳቸውም "ልክ ናት" አሉ፣ ሌላ አልጨመሩም።

የምርቃቱን ነገር አስቀድሜ ልናገርና ልጨርስ። ጓድ ይርዳው ቃሉን ጠብቋል። ሕዝቡ ሞልቶ ሳለ መድረኩ ላይ ቆመና "ስለ መሪጌታ የልጅ ልጅ" ብሎ ሲጀምር የመስከረም ዝናብ ቆርቆሮው ላይ ወረደበት። አፉ ተንቀሳቀሰ፣ እጁ ወደ እኔ ተወነጨፈ፣ አንገቱ ተገተረ። ሁሉንም ተናገረ፣ አንድም ሰው አልሰማም። የሠርጉ ሰውዬም ከዚያ ሕዝብ መሐል ነበር፤ ስለዚህ እሱን አልወቅስም። የሰማው ክሱን ነው፣ ፍርዱን ዝናብ ወሰደበት። እኔ ግን ተራዬ ሲደርስ ዝናቡ እስኪያባራ ወረቀቴን ይዤ መድረኩ ላይ ቆምሁ። ተቀመጪ ቢሉኝ እንቢ አልሁ። ሲያባራ አነበብሁት፣ ሳልደናቀፍ።

አሁን ወደ ምርቃቱ ቀን ጠዋት ልመለስ።

ስምንቱ እናቶች ለሕዝቡ መግቢያ ገና ሰዓት ሲቀረው መጡ። ለምን እንደተጠሩ አያውቁም። አባባ በሩ ላይ ቆመው ጋቢያቸውን አስወለቁ፤ ደጃፉ ላይ እንደ በግ መንጋ ተከመረ። "መሪጌታ ዛሬ ደግሞ ልብስ ቀሚ ሆኑ?" አለች እትየ ጥሩዬ። ሁሉም መድረኩ ላይ ወጡና ተጠጋግተው ቆሙ። ከዚያች ቀን በፊት አንዳቸውም መድረክ ረግጠው አያውቁም።

አባባ አሳሉ። ግድግዳው አሳለ። ከሴቶቹ አንዷ ሦስት ጊዜ አማተበች። አባባ ነገሩን ሲያስረዱ እትየ ጥሩዬ አላስጨረሰቻቸውም፤ ወደ መድረኩ ጫፍ ሄዳ "ጥሩዬ" ብላ ጮኸች። "ሩዬ" አላት። "ውይ፣ ያውቀኛል" አለች። ከዚያ ማን ያቆማቸው። አንዷ ከአንዷ እየተጋፉ ስማቸውን ይጠራሉ፣ ግድግዳው የስማቸውን ጭራ እየያዘ ይመልስላቸዋል። እናቴ ተራዋ ሲደርስ "አለምነሽ" አለች፣ በለሆሳስ። ግድግዳው ዝም አለ።

"ጮኽ በይ እንጂ፣ ባልሽን የምትቀሰቅሺ መሰለሽ?" አለቻት እትየ ጥሩዬ።

እናቴ ዓይኗን ጨፍና ጮኸች። "ምነሽ" አለ ግድግዳው። እናቴን እንዲያ ስትስቅ ከዚያ በፊት አይቻት አላውቅም፤ የዓይኗን እንባ በመዳፏ እየጠረገች ደግማ ጠራች።

እኔ አልሳቅሁም። የመጣሁበት ነገር ገና አልተፈጸመም። መሐላቸው ገብቼ ጓድ ይርዳው ፊት ቆምሁና እንዲህ ብዬ ጠየቅሁት፤

"ጓድ ይርዳው፣ የዚያን ቀን ያላገጠብዎት ማን ነው?"

ሴቶቹ ወደ እሱ ዞሩ። እሱ ባርኔጣውን አወለቀ። እናቴን አየ፣ አባባን አየ፣ ከዚያ ፊቱን ወደ አዳራሹ መጨረሻ አዞረና በዚያ በትልቁ ድምፁ መለሰልኝ።

"አንጓች አይደለችም። የራሴው ድምፅ ነው።"

"ነው" አለ ግድግዳው።